አልከፈት ያለው የኋላ በር

ከሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ የተናገርኩት የመጀመሪያው ቃል «አቁሙ» የሚል ነው። ጂንካ፣ ሆስፒታሉ ደጃፍ ላይ፣ አንድ ነጭ መኪና ውስጥ ተኮራምቼ ተቀምጬ ነበር። አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቃሉን ሦስት ሰዓት ያህል ዘግይቼ ነው የተናገርኩት። የምነግራችሁም ስለ እነዚያ ሦስት ሰዓታት ነው።

የምንኖረው ከጂንካ የሦስት ሰዓት መንገድ በምትርቅ ሃና በምትባል ትንሽ ከተማ ነበር። እናታችን ስትሞት ታላቅ እህቴ አበበች ከጋሞ ደጋ ይዛኝ መጣች፤ እሷ ሻይ ቤት ከፈተች፣ እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን አቋርጬ ዕቃ አጥብላት፣ ውሃ እቀዳላት ጀመር። እትዬ ነው የምላት። ባሏ ርቆ እርሻ ላይ ስለሚሠራ ብዙ ጊዜ ሁለታችን ብቻ ነበርን። እኔ ሰው ሲያየኝ ምላሴ ይተሳሰራል። ደንበኛ ስኳር ጨምሪ ሲለኝ እንኳ አንገቴን ነቅንቄ ነበር የምሄደው። አንዳንድ ሰዎች ድዳ መስዬአቸው በእጃቸው ምልክት ያዙኝ ነበር፤ አንዱ ሾፌር ለብዙ ወራት በሁለት ጣቱ ሁለት ሻይ ሲያዝ ኖሮ አንድ ቀን ለእትዬ ስናገር ሰምቶኝ ብርጭቆው ከእጁ ሊወድቅ ነበር። እትዬ እየሳቀች «ተዋት፣ ጨዋ ናት» አለችው። ጨዋ መባሉን እወደው ነበር።

እትዬ ልትወልድ ሳምንታት ሲቀሯት ጎረቤታችን የሆነች የዲሜ ብሔረሰብ ሴት ማር ከነሰፈፉ ክዳን ባላት ትንሽ ባልዲ አመጣችላት። እትዬ ባልዲዋን በፌስታል አስራ አልጋዋ ስር ከተተችና «ስወልድ ገንፎዬን በዚህ ነው የምታበዪኝ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ማንም እንዲነካት አትፈቅድም ነበር።

ምጡ የመጣው ጠዋት ነው። በእግራችን ጤና ጣቢያ ሄድን። አዋላጇ ሲስተር ብርቱካን ትባላለች፤ ቀልደኛ ሴት ነች፣ ስንገባም እየቀለደች ነበር የተቀበለችን። እትዬን መመርመር ጀምራ ሳትጨርስ ግን ፊቷ ተለወጠ። እትብቱ ከልጁ ቀድሞ ወጥቷል አለች። የልጁ ራስ ወርዶ እትብቱን ከተጫነው ደሙ ይቋረጥና ልጁ ይሞታል። ጓንት ያጠለቀ እጇን እንዳስገባች ቀረች፤ በጣቶቿ የልጁን ራስ ወደ ላይ ገፍታ ይዛዋለች።

«ስሚኝ» አለችኝ ዓይኔን እያየች። «ጂንካ ደርሳ በቀዶ ጥገና እስክትወልድ ድረስ ይህ እጅ ከዚህ አይወጣም። መኪና ፈልጊ።»

አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ሊያመጣ ሩቅ ሄዷል። ደግነቱ የጤና ጣቢያው ዘበኛ ቀድሞኝ ሮጦ ነበር፤ ለቱሪስት የምትሠራ ረጅም ነጭ መኪና ይዞ መጣ። ሾፌሩ ጋሽ ደምሴ ይባላሉ፤ ጠይም፣ ሽበታም፣ ኮስታራ ሰው ናቸው። ነገሩን እንደሰሙ የኋላ ወንበሮቹን አጥፈው የኋላውን በር ወደ ላይ ከፈቱና፣ «ዕቃ የሚባል ነገር እንዳላይ። ሰው ብቻ ነው የምጭነው» አሉ። የተናገሩት ለሁሉም ነው፤ እኔ ግን ለእኔ ብቻ የተናገሩ መሰለኝ።

እትዬን ቃሬዛ ላይ አስተኝተው፣ ወገቧ ስር ትራስ አድርገው ሲያወጧት እጄን ያዘችኝ። ከንፈሯ ደርቋል። «ማሩን እንዳትረሺ» አለችኝ።

በዚያ ሰዓት ስለ ማር ማሰብ ምን ማለት እንደሆነ ብዙ ጊዜ ጠይቄያት አውቃለሁ። ማሩን ካልረሳን በሕይወት እመለሳለሁ ማለት መስሎኝ ነበር ትላለች። እኔም እንደዚያው ሳይገባኝ አልቀረም። ቤት ሮጬ የልጁን ጨርቆች፣ ጋቢውን፣ ሁልጊዜ በሙቅ ውሃ ተሞልቶ የሚውለውን የሻይ ቤቱን ፔርሙዝና ባልዲዋን ይዤ ተመለስኩ። ጋሽ ደምሴ ከፊት ወንበሩን ሲያስተካክሉ ባልዲዋን በጋቢው ሸፍኜ ከኋላ፣ በሩ ከሚገጥምበት ብረት አጠገብ አስቀመጥኳት። ሌላ ቦታ አልነበረም። እትዬ ራሷ ወደ ሾፌሩ፣ እግሯ ወደ ኋላው በር ሆኖ ቃሬዛው ቦታውን ሁሉ ሞልቶታል። ሲስተር ብርቱካን እግሯ ሥር ተንበርክካለች፤ እኔ ጥግ ላይ ተጣጥፌ ፔርሙዙን አቅፌያለሁ።

ጋሽ ደምሴ በሩን ዘጉት፤ አልገጠመም። እንደገና ከፍ አድርገው በኃይል ሲጥሉት ከጋቢው ስር ቀጭን የመሰበር ድምፅ ሰማሁ። በሩ ግን ተዘጋ። መኪናዋ ተነሳች።

መንገዱ ወደ ማጎ ወንዝ ቁልቁል ሲወርድ መኪናዋ ትዘላለች፣ በዘለለች ቁጥር እትዬ ታቃስታለች፣ ሲስተር ብርቱካን በነፃ እጇ የመኪናውን ግድግዳ ተደግፋ «እየመታ ነው» ትላለች። የእትብቱን ምት ማለቷ ነው። በየጊዜው ትናገረዋለች፤ ለእትዬ ይሁን ለእኔ ይሁን ለራሷ አላውቅም። እኛም ሁለታችን ያንን ቃል እየጠበቅን ነበር የምንተነፍሰው።

ትንሽ እንደሄድን ሽታው መጣ። ቀጥሎ ከጋቢው ስር አንድ ቡናማ መስመር ሲወጣ አየሁ። ቀስ ብሎ ወደ በሩ ይሄዳል። ከበሩ ጠርዝ የሚገባው አቧራ እየወደቀበት ይጠቁራል። ባልዲዋን ላነሳ እጄን ስሰድ ፌስታሉ በሩ ውስጥ ተነክሶ መያዙን አየሁ፤ ክዳኗ ተሰንጥቋል፣ ሰፈፉም ብረቱ ላይ ተጨፍልቋል። እጄን መለስኩ።

ማጎ ወንዝ ድልድዩ ጋ ጋሽ ደምሴ ጎማ ለማየት ቆሙ። መኪናዋን ዞረው መጡና የጎኑን በር ከፍተው አንገታቸውን አስገቡ። «ማር ማር ይሸታል። ከየት ነው?»

ሲስተር ብርቱካን ቀና እንኳ አላለችም። «ጋሽ ደምሴ ንብ ሆኑ እንዴ? ይንዱልኝ ብቻ» አለች።

እሳቸው ግን እኔን አዩኝ። ዓይናችን ተገጣጠመ። ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። ወንዙ አጠገባችን ነው፣ ማሩ ገና እርጥብ ነው፣ በሩን ከፍቶ በውሃ ማጠብ ጥቂት ደቂቃ ነው። ዕቃ እንዳትጭኑ ያሉት ሰው ፊት ለፊቴ ቆመው ነበርና አንገቴን ደፋሁ። ያደረግኩትን ልንገራችሁ፦ የነጠላዬን ጫፍ ስቤ መስመሩን ሸፈንኩት።

በሩን ዘግተው ነዱ።

ከማጎ ወደ ጂንካ አቀበቱን ስንወጣ ሲስተር ብርቱካን ስልክ ሲሠራላት በነፃ እጇ ይዛ ወደ ሆስፒታሉ ደወለች። የቀዶ ጥገናው ክፍል ዝግጁ ሆኖ እንደሚጠብቅ ነገሯት። እጇ ደንዝዞ ነበር፤ ላቧ ከአገጯ ይንጠባጠባል። «ከበሩ ወደ ክፍሉ ጥቂት እርምጃ ነው። አይዞሽ አበበች፣ ደርሰናል» አለቻት።

እውነትም ደረስን። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ነበር፣ ፀሐዩ ይጋረፋል። አረንጓዴ የለበሰ ወጣት ዶክተርና ሁለት ሰዎች ባለ ጎማ አልጋ ይዘው እየጠበቁ ነው። ጋሽ ደምሴ ዘለው ወርደው ወደ ኋላ ሮጡ። እጀታውን ሳቡት።

በሩ አልተከፈተም።

እንደገና ሳቡት። ቁልፍ አስገብተው አዞሩ፤ ከፊት ያለውን መክፈቻ ተጫኑ። ምንም የለም። ሁለቱ ሰዎች ተጨምረው ሦስት ሆነው ሲስቡ መኪናዋ ከነእኛ ተወዛወዘችና ሲስተር ብርቱካን «ቀስ በሉ» ብላ ጮኸች። ጣቷ ሊንሸራተት ነበር።

ባጃጅ ሾፌሮች ተሰበሰቡ። አንዱ ይህ የሃና አቧራ ነው፣ አቧራ ቁልፉን በልቶታል አለ፤ ዘይት ነው መድኃኒቱ ብሎ ከባጃጁ ዘይት አምጥቶ በስንጥቁ አፈሰሰበት። ጠበቁ፣ ሳቡ፤ አልሆነም። ሌላው ባጃጅ ሾፌር፣ የአሪ ብሔረሰብ ልጅ፣ ዘይቱን ላፈሰሰው ጓደኛው «ያንተን ባጃጅስ መቼ ከፍተህ ታውቃለህ፣ በር የላት» አለው። ማንም አልሳቀም። የሆስፒታሉ ዘበኛ ፌሮ ይዞ መጣና በበሩ ስር አስገብቶ ይፈለቅቅ ጀመር። በየምቱ እትዬ ትጮሃለች።

ዶክተሩ በጎኑ በር ራሱን አስገብቶ አየ። በዚህ እናውጣት አለ። ሲስተር ብርቱካን ቃሬዛው በጎን እንደማይዞር፣ ለማውጣት እትዬን ማጠፍ እንደሚያስፈልግ ነገረችው። «ስትታጠፍ እጄ ይወጣል። እጄ ከወጣ አበቃለት።» ጋሽ ደምሴ ትልቅ ድንጋይ አንስተው መስታወቱን ልስበረው አሉ። የራሳቸው መኪና እንዳልሆነች አውቃለሁ፤ ድንጋዩን ግን ከፍ አድርገው ነበር። ዶክተሩ ከለከላቸው፤ ከፍ አድርገን በመስኮት ስናሳልፋትም ያው ነው አለ።

«ምቱስ?» ብሎ ጠየቃት።

ሲስተር ብርቱካን ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። «ዘግይቷል» አለች።

ያን ቃል ከሃና ጀምሮ ሳትለው ነው የመጣችው። ዶክተሩ ሰዓቱን አየ። «አምስት ደቂቃ። ካልተከፈተ በጎን እናወጣታለን፣ የሚሆነው ይሆናል።»

እትዬ ይህን ሰማች። ጣሪያውን እያየች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ትጸልያለች። እኔ ከበሩ አንድ ክንድ ርቄ ተቀምጫለሁ። ውጭ ያሉት ሁሉ ስለ አቧራ ያወራሉ። እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

«ሲስተር» አልኩ። ድምፄን ራሴም በደንብ አልሰማሁትም። «ማር ነው።»

«ምን?»

«ማር ፈስሶበት ነው። እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት።»

ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ለመቆጣት ጊዜ አልነበራትም። «ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ፣ እጄ ተይዟል። ለእነሱ ንገሪ» አለችኝ።

ዘበኛው ፌሮውን እንደገና አነሳ።

«አቁሙ!»

ፌሮው አየር ላይ ቀረ። ከመስታወቱ ውጭ ያለው ፊት ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሁሉንም አየኋቸው፤ ባጃጅ ሾፌሮቹን፣ ዶክተሩን፣ ጋሽ ደምሴን። «አቧራ አይደለም፣ ማር ነው። ከነሰፈፉ ነው። ፌስታልም ገብቶበታል። ዘይት አያላቅቀውም፣ ሙቅ ውሃ ነው የሚያላቅቀው። ፔርሙዝ ይዣለሁ።» ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩት። ማር የነካው ዕቃ ስንት ጊዜ አጥቤያለሁ። ሙቅ ውሃ ካልሆነ በቀር በምንም እንደማይለቅ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ እዚያ አልነበረም።

ጋሽ ደምሴ ሮጠው በጎኑ በር መጡና ካቻቢቴ በእትዬ ራስ ላይ አሻግረው አቀበሉኝ። በሩ ከውስጥ፣ ከታች መሃሉ ላይ የላስቲክ ክዳን እንዳለው፣ ካቻቢቴውን ጠርዙ ላይ አስገብቼ ወደ ራሴ እንድስበው ነገሩኝ።

«ቢሰበርስ?» አልኩ።

«ይሰበር።»

ክዳኑ ተሰብሮ ወጣ። ውስጡ እንደ መንጋጋ ያለ ብረት የመኪናውን ብረት ነክሶ ይዟል። መንጋጋው ግን አይታይም፤ ጥቁር ጭቃ የመሰለ ነገር ደፍኖታል። ጭቃው ማር ይሸታል። ከጎኑ ምላስ የመሰለች ትንሽ ብረት አለች፣ እሷን ወደ ግራ ግፊ አሉኝ። ገፋሁ። ንቅንቅ አላለችም።

ፔርሙዙን ከፈትኩ። ውሃው አሁንም ይተናል። የመጀመሪያውን ክዳን ሙሉ ቀስ ብዬ አፈሰስኩበት፤ ቡናማ ሆኖ ወረደ። ሁለተኛውን ስደግም ሰፈፉ ላላ፤ በካቻቢቴው ጫፍ ቆፍሬ የሰማያዊ ፌስታል ቁራጭ አገኘሁና ሳብኩት። ረጅም ነበር። ስስበው መጨረሻ ያለው አልመሰለኝም።

በሦስተኛው ላይ ውሃው ወደ መኪናው ውስጥ ፈሰሰ። ወደ ሲስተር ብርቱካን ጉልበት ሲሄድ አየሁት። ከነካት ትደነግጣለች፣ ከደነገጠች እጇ ይንቀሳቀሳል። የግራ እጄን መሃል ላይ አጋደምኩት። አቃጠለኝ፤ አላነሳሁትም።

ጋሽ ደምሴ ውጭ ላሉት «አትሳቡ! ወደ ውስጥ ግፉት፣ ስትስቡት መንጋጋው ይጠብቃል» ሲሉ ሰማሁ። ሰዎቹ ትከሻቸውን በሩ ላይ አሳረፉ። ምላሷን በአውራ ጣቴ ወደ ግራ ገፋኋት።

ቀጭ አለች።

በሩ ወደ ላይ ሲነሳ ፀሐዩና ንፋሱ አንድ ላይ ገቡ። ቃሬዛውን ስበው አወጡት፤ ሲስተር ብርቱካን እጇን ሳታነሳ ጎንበስ ብላ አብራ ሄደች፤ ተንበርክካ ስለቆየች ሁለት ሰዎች በብብቷ ደግፈዋታል። ሁሉም ገቡ። ግቢው ጭር አለ። ባልዲዋ ተንከባልላ መሬት ላይ ወደቀች።

ከመኪናው ወርጄ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ጋሽ ደምሴ እርጥብ ጨርቅ ይዘው መጥተው እጄን ጠቀለሉልኝ። አጠገቤ ተቀመጡ። «መቼ አወቅሽ?» አሉኝ።

«ሃና፣ በሩ ሲዘጋ።»

«ማጎ ላይ ጠይቄሽ ነበር።»

አንገቴን ነቀነቅሁ።

«በአፍሽ መልሺልኝ።»

«አዎ፣ ጠይቀውኝ ነበር።»

«እቆጣለሁ ብለሽ ነው?»

«አዎ።»

የተሰበረውን የላስቲክ ክዳን በእጃቸው አገላበጡ። «እቆጣሽ ነበር» አሉ። «ተቆጥቼ ግን አጥበው ነበር።»

ሁለታችንም የክፍሉን በር እያየን ተቀመጥን። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እንደዚያ የረዘመ ጊዜ አላውቅም። ንቦች መጥተው ባልዲዋን ከበቧት። አንድ ልጅ ከውስጥ እስኪያለቅስ ጠበቅሁ፤ የሚያለቅስ የለም። ምነው ምንም አይሰማም ብዬ ጋሽ ደምሴን ጠየቅሁ። ግድግዳው ወፍራም ነው አሉኝ። ግድግዳው ወፍራም እንዳልነበረ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ሲስተር ብርቱካን ስትወጣ ያ እጇ እንደ ሌላ ሰው እጅ ጎኗ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ፊቷን አየሁ፣ ምንም ማንበብ አልቻልኩም። አጠገባችን መጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«ወንድ ነው» አለች። «ሲወጣ ዝም ብሎ ነበር። ብዙ ታገሉለት። አሁን አለቀሰ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ትንሽ ብትዘገዪ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምነግርሽ።» ያለችኝ ለማመስገን ይሁን ለመውቀስ እስከዛሬ አልለየሁትም። ሁለቱም ይመስለኛል።

ይህን የምታነቡ ሰዎች በሩን የከፈተችው እኔ ነኝ ብላችሁ እንዳታመሰግኑኝ። ሃና ውስጥ እንደዚያ ብለው የሚያወሩ አሉ፤ በሰማሁ ቁጥር አርማለሁ። በሩን የዘጋሁትም እኔ ነኝ። ባልዲዋን ማስቀመጤን ለራሴ ይቅር ብያለሁ፤ እህቴ ማሩን እንዳልረሳ ለምናኝ ነው። ይቅር ለማለት የከበደኝ ነጠላዬን ስቤ የሸፈንኩበትን ነው። ልጅ ሆኜ ዝም ማለቴ ማንንም አልጎዳም ነበር፣ ሰውም ጨዋ ናት ይለኛል። ያን ቀን ግን ጨዋነት ብዬ የያዝኩት ፍርሃት ብቻ እንደሆነ ገባኝ። ቁጣ ፈርቼ የልጅ ነፍስ አስያዝኩ። ከእናንተም መካከል አሁን አንድ ነገር የሚያይ፣ የሚያውቅ፣ ሰው ምን ይለኛል ብሎ አንገቱን የደፋ ካለ፣ ሊመጣበት የሚችለውን ቁጣ ከሚቀረው ነገር ጋር ያስተያየው። እኔ ያስተያየሁት በመጨረሻው አምስት ደቂቃ ነው።

አሁንም ያው ዓይን አፋር ነኝ። ከሰው ጋር ሳወራ ፊቴ ይግላል፣ እንግዳ ሲገባ ልቤ ይደነግጣል። ልዩነቱ፣ ልቤ እየደነገጠም እናገራለሁ። የእትዬ ልጅ አድጎ ሻይ ቤቱን በሩጫ ያተራምሰዋል፤ የግራ እጄን ጠባሳ እየነካ «እዚህ ጋ ምን ሆንሽ?» ሲለኝ ሙሉውን እነግረዋለሁ፣ የነጠላውንም ሳልዘል። ገንፎው በቅቤ ብቻ መበላቱን ደግሞ እናቱ ታክልበታለች።

ጋሽ ደምሴ ዛሬም እንግዳ ይዘው ወደ ሃና ሲመጡ ሻይ ቤታችን ፊት ለፊት ይቆማሉ። ሊመለሱ ሲሉ የኋላውን በር ከፍ አድርገው ይይዙና መንገዱ ሁሉ እስኪሰማ «ማር የያዘ ካለ አሁኑኑ ይናገር!» ይላሉ። እንግዶቹ ምን እንደተባለ አይገባቸውም። የሰፈሩ ሰው ይስቃል፣ እኔም ድሮ ቢሆን የምደበቅበትን በር ተደግፌ እስቃለሁ።

ባለፈው ሲመጡም እንደልማዳቸው አሉ። ብርጭቆ ይዤ በር ላይ ቆሜ ነበር። ሰው ሞልቷል።

«እኔ ጋ ማር የለም ጋሽ ደምሴ» አልኳቸው ከማዶ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «የኋላ ቀኝ ጎማዎ ግን ተንፍሷል።»

የምቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ከዚያ ጎንበስ ብለው አዩ፤ በሩን ሳይዘጉ ክሪካቸውን ማውጣት ጀመሩ።